ነዳጅ ላይ የሚጨመሩ አዲቲቮች፦ የሚወራውና እውነታው

ጀነሬተር፣ የሳር ማጨጃ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የጀልባ ሞተር። እነዚህ ከሚሠሩበት ጊዜ ቆመው የሚያሳልፉት ይበልጣል። አብዛኛው ችግራቸውም የሚጀምረው ቆመው ሳሉ ነው። አዲቲቭ ሻጮች የሚወዷቸውም ለዚህ ነው። አንዳንዱ አዲቲቭ የእውነት ይሠራል። ስለ እሱ ከሚወራው ውስጥ ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ቤንዚኑ ሲያረጅ ማቆያ ጨምሬ አድሰዋለሁ»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቤንዚን ሲቀመጥ ቶሎ የሚተነው ክፍሉ ይበናል። ሞተሩ ሳያስቸግር የሚነሳው ደግሞ በዚያ ክፍል ነው። የቀረው ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሙጫ የመሰለ ነገር ይሠራል። ማቆያ የሚባለው አዲቲቭ ይህን ውህደት ያዘገየዋል እንጂ የተሠራውን ሙጫ መልሶ ቤንዚን አያደርገውም። የተነነውንም አይተካም። ስለዚህ መጨመር ያለበት ገና ከማደያ የመጣ ቤንዚን ላይ ነው። ቀለሙ የጠቆረና የሚኮመጥጥ ሽታ ያለው ቤንዚን ላይ ማቆያ ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ማቆያውን ታንኩ ውስጥ ጨምሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ ይሄዳል። ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል) ውስጥ የቀረው ግን ያው ማቆያ ያልነካው ቤንዚን ነው። ከጨመራችሁ በኋላ ሞተሩን አስነስታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አሠሩት። የጀልባ ሞተር ከሆነ ማቀዝቀዣ ውሃ ሳይገባለት እንዳትሞክሩት፤ የውሃ ፓምፑ ጎማ በደረቁ ሲሽከረከር ቶሎ ይበላሻል።

«የተደፈነ ካርቡሬተር በማጽጃ ይከፈታል»

ካርቡሬተር ሲፈታ ነዳጅ የሚመጥን ትንሽ የናስ ቁራጭ ታገኛላችሁ። ወደ ብርሃን አንሱትና በቀዳዳው እዩ። ንጹሕ ከሆነ ክብ ብርሃን ይታያል፤ ሙጫ ከያዘው ጨለማ ነው። ነዳጅ ላይ የሚጨመር ማጽጃ የሚጓዘው በነዳጁ ነው። ነዳጅ በማያልፍበት ማጽጃውም አያልፍም።

ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጡት የሚንተፋተፍ ከሆነ መንገዱ ገና አልተዘጋም፤ ጥሩ ማጽጃ ሊያግዝ ይችላል። ጭራሽ የተደፈነ ግን ተፈትቶ፣ ማጽጃ ውስጥ ተነክሮ፣ በአየር ግፊት መነፋት አለበት። በብረት ሽቦ አትጎርጉሩት። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ የነዳጁ መጠን ይዛባል።

«ነዳጁ ውስጥ ውሃ ቢገባ የሚያጠፋው አዲቲቭ አለ»

ለጥቂት ጠብታ፣ አዎ። ከዚያ በላይ ተረት ነው። 10 በመቶ ኢታኖል (አልኮል) ያለው ቤንዚን በመካከለኛ ሙቀት ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ ይሸከማል፤ በ20 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ኢታኖሉ ውሃውን ይዞ ከቤንዚኑ ይለያል፤ ከታንኩ ሥርም ይዘቅጣል። ነዳጅ የሚሳበውም ከሥር ነው። አንዴ ከተለየ በኋላ መልሶ የሚያዋህደው አዲቲቭ የለም፤ ነዳጁን አውጥቶ ታንኩን ማጽዳት ብቻ ነው። ከተጠራጠራችሁ ከታንኩ ሥር ትንሽ በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡት። ውሃ ካለ መለያው መስመር በዓይን ይታያል። ጀልባ ላይ ከአዲቲቭ ይልቅ የሚያስተማምነው ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ነው።

«ኦክቴን ማሳደጊያ ጉልበት ይጨምራል»

አይጨምርም። ኦክቴን ቤንዚኑ ያለጊዜው በራሱ እንዳይነድ ያለው መቋቋም ነው። የትናንሽ ሞተሮች እመቃ (ነዳጅና አየሩ ከመንደዱ በፊት የሚጨመቅበት መጠን) ዝቅተኛ ስለሆነ አምራቹ ካዘዘው በላይ አያስፈልጋቸውም። ደግሞ «5 ነጥብ ይጨምራል» የሚለው ብዙ ጊዜ ግማሽ ኦክቴን ማለት ነው፤ አንዱ ነጥብ የሚቆጠረው በአንድ አሥረኛ ነውና።

«ማቆያ ስለጨመርኩ ዘይቱን ብቀንስ ችግር የለውም»

ይሄኛው ሞተር ይገድላል። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚቀዳለት ባለሁለት ምት ሞተር ማለስለሻው ያ ዘይት ብቻ ነው። መመሪያው 50 ለ1 ካለ በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው። ማቆያ ይህን አይተካም። ዘይቱም ያገኙት ዘይት አይደለም፤ በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር «ቲሲ-ደብሊው 3» (TC-W3) የሚል ምልክት ያለው ይፈለጋል፤ በአየር ለሚቀዘቅዝ የዛፍ መቁረጫ መጋዝ ደግሞ ለእሱ የተሠራው።

«ናፍታ ስለማይበላሽ አዲቲቭ አይፈልግም»

ናፍታ ታንክ ውስጥ ውሃ ካለ፣ ውሃውና ናፍታው በሚገናኙበት ላይ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። ጥቁር አተላ ሆነው ፊልትሮ ይደፍናሉ። የሚገድላቸው መድኃኒት አለ፤ ግን የሞተው አተላ እዚያው ነው የሚቀረው። ጀልባው ሲወዛወዝ ከታንኩ ሥር ተነስቶ ፊልትሮው ላይ ይከመራል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከጨመራችሁ በኋላ ታንኩን ከነውሃው ሳታጸዱና ትርፍ ፊልትሮ ሳትይዙ ረጅም መንገድ አትውጡ።