የድንክ ፈረስ ተንኮል ምንድን ነው?

መቀርቀሪያ ከፍቶ ይወጣል። የሰው ኪስ ይበረብራል። ልጅ ጀርባው ላይ ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ሣር ይግጣል፤ ሊይዙት ሲሄዱ ደግሞ አንድ እርምጃ ብቻ እየቀደመ ሜዳውን ሙሉ ያዞራቸዋል። የድንክ ፈረስ ተንኮል የሚባለው ይኸው ነው። ፈረሱ ግን ሰው ለማናደድ አያሤርም፤ አንድ ጊዜ የሠራለትን ዘዴ አይረሳም እንጂ።

በአሜሪካ በ1978 የተቋቋመው የድንክ ፈረሶች ማኅበር የሚመዘግበው ቁመቱ ከ34 ኢንች (86 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ያልበለጠውን ነው፤ የሚለካውም ከመሬት እስከ ጋማው የመጨረሻ ፀጉር ሥር ነው። ከስኮትላንድ ሰሜን ደሴቶች የመጣው የሼትላንድ ፖኒ እስከ 42 ኢንች ይደርሳል። ብዙዎቹ ድንክ ፈረሶች የሼትላንድ ዘር ስላለባቸው በዓመልም ይቀራረባሉ።

ዓመሉ ከየት ይመጣል? ግማሹ ከእኛ ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ክንድ ቢነክስ ማንም ዝም አይለውም፤ 90 ኪሎው ድንክ ሲነክስ ግን ይሳቅለታል። የፊት እግሮቹን ሰው ላይ ሲሰቅል የተጨበጨበለት ውርንጭላ፣ ካደገ በኋላ ያንኑ ሲያደርግ ሕፃን ይጥላል። በዚያ ላይ ዐዋቂ ስለሚከብደው የሚጋልበው ልጅ ነው። ልጁ ደክሞት ልጓሙን ባላላ ቁጥር ፈረሱ አፍ ሙሉ ሣር ያገኛል፤ ትምህርቱም በዚያው ይጸናል።

ሌላው ግማሽ ሆድ ነው። ድንክ ፈረስ በጥቂት መኖ ስለሚወፍር ባለቤቱ ይቀንስበታል። ፈረስ ግን ሲግጥ ለመዋል የተፈጠረ፣ ጨጓራው ባዶ ሆኖም አሲድ ማመንጨት የማያቆም እንስሳ ነው። በቀን ሁለቴ በልቶ ባዶ ጋጥ ውስጥ የሚቆም ድንክ ሥራ ይፈልጋል፣ ቅርብ ያለው ሥራ ደግሞ በሩ ነው። መጀመሪያ የሰው እጅ የነካውን ቦታ ያሸታል፤ የላይኛውን ከንፈሩን በእጀታው ላይ ጠቅልሎ ያነሣል፤ ከዚያ በፊት ጥርሱ ይጎትታል። ብረቱ ከተላቀቀ ደረቱን ያስደግፋል፣ አለቀ።

ስለዚህ ተንሸራታች መቀርቀሪያ ብቻውን አይበቃም። በቀዳዳው ሞላ (ስፕሪንግ) ያለው መንጠቆ አስገቡበት፤ ሁለተኛ መቀርቀሪያም በውጭ በኩል፣ ከንፈሩ በማይደርስበት በታችኛው የበሩ ጫፍ ላይ ግጠሙ። ከአጥሩ ሥር ሰፊ ክፍተት ካለ ሾልኮ ይወጣል። በብርድ ወራት የሚያበቅለው ወፍራም ፀጉር የኤሌክትሪክ ሽቦን ንዝረት ስለሚቀንስለት ሽቦ ብቻውን ላያቆመው ይችላል።

እህል ማስቀመጫ ሰብሮ ከገባ ግን ቀልድ የለም። ወዲያው አውጡት፣ ምን ያህል እንደበላ ገምቱ፣ ደህና ቢመስልም የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የሆድ ቁርጠትና የኮቴ ብግነት ሊከተል ይችላል፤ ብግነቱ ምልክት ሳያሳይ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ኮቴው ከጋለና ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ጥሎ ከቆመ ዘግይታችኋል። በሌላ በኩል ወፍራሙን ድንክ በድንገት ማስራብም አደገኛ ነው፤ ስቡ ወደ ደሙ ጎርፎ ሊገድለው ይችላል። በቀን ከክብደቱ 1.5 በመቶ ያህል ድርቆሽ፣ ማለትም ለ90 ኪሎው 1.35 ኪሎ፣ ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል። ከዚያ በታች ያለ ሐኪም ምክር አትውረዱ።

ኪስ መበርበርና መንከስ የሚጀምሩት በእጅ ከሚሰጥ ጣፋጭ ነው። የምትሰጡትን ባልዲ ውስጥ ጣሉለት፣ ያውም አፉን ከእናንተ ሲያዞር ብቻ። አትምቱት፤ ወይ ጨዋታ ያደርገዋል፣ ወይ እጅ ሲያይ ጭንቅላቱን ማሸሽ ይለምዳል። መጀመሪያ ላይ ብሶበት ታያላችሁ፤ ድሮ የሠራለት ዘዴ ለምን እንደከሸፈ አጥብቆ እየሞከረ ነው። የብዙ ሰው ድካም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፦ ከቤተሰቡ አንዱ አዝኖ አንዴ ከሰጠው፣ ፈረሱ የሚማረው መተውን ሳይሆን መታገሥን ነው።

የማይያዘውን አታሳድዱት። በትከሻው በኩል ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፣ ዞሮ ሲያያችሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። ስትደርሱበት የአንገቱን ሥር አክካችሁለት ሂዱ። ሁልጊዜ ተይዞ ወደ ሥራ የሚወሰድ ፈረስ ሰው ሲያይ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ልጅ ተቀምጦበት ሣር ለሚግጠው ከልጓሙ ወደ ኮርቻው የሚታሰር ገመድ አለ፤ አንገቱን እንደ ልቡ ማንቀሳቀስ እስኪችል ላላ ይበል፣ ከጠበቀ አልሄድም ይላል።

ድንጉላው (ያልተኮላሸው) ይናከሳል፣ ሰንጋው (የተኮላሸው) ገመድና ባልዲ ማንሣት ይወዳል፤ ይህ የተለመደ ነው። ዓመሉ በድንገት ሲለወጥ ግን ተንኮል ነው ብላችሁ አትለፉት። በትንሹ መንጋጋው ውስጥ የታጨቀው የትልቅ ፈረስ ያህል ጥርስ ነው፤ ራሱን የሚነቀንቅ፣ ያላመጠውን የሚጥል ወይም ልጓም አልይዝም የሚል ድንክ አፉን እያመመው ሊሆን ስለሚችል፣ ከመቅጣታችሁ በፊት ጥርሱን አስመርምሩ።