የእናት ኩባንያ ተጠያቂነት ምንድን ነው?

በየታፔላው ላይ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚል ጽሑፍ እናያለን። ማኅበሩ በሕግ ፊት ከባለቤቶቹ የተለየ ሰው ነው ማለት ነው። ቢከስር አባላቱ የሚያጡት ያዋጡትን ብቻ ነው፤ መኖሪያ ቤታቸው አይነካም። ያለዚህ ከለላ ንግድ የሚደፍር ሰው ጥቂት በሆነ ነበር።

ነገሩ የሚወሳሰበው ባለቤቱ ራሱ ኩባንያ ሲሆን ነው። ለንደን የተቀመጠ ድርጅት አፍሪካ ውስጥ ሌላ ኩባንያ ያቋቁማል። ትርፉ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፣ የተበከለው ወንዝ ግን እዚያው ይቀራል። ተጎጂዎች ሲከሱ እናት ኩባንያው፣ ማለትም ባለቤቱ ድርጅት፣ «እሱ ራሱን የቻለ ድርጅት ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ይላል፤ ሕጉም ብዙ ጊዜ ከጎኑ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሕንዷ ቦፓል ከተማ መርዛማ ጋዝ አፈትልኮ ሺዎች ሲሞቱ፣ የአሜሪካው ዩኒየን ካርባይድ በሕንዱ ኩባንያ ውስጥ ከግማሽ በላይ ድርሻ ነበረው። ክሱ አሜሪካ ቢቀርብም የኒውዮርኩ ፍርድ ቤት «ሕንድ ሄዳችሁ ክሰሱ» ብሎ መለሳቸው፤ ጉዳዩ በ1989 በ470 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

የእናት ኩባንያ ተጠያቂነት የሚባለው ይህን አጥር የሚያልፍ ክርክር ነው። ሁለቱን ድርጅቶች እንደ አንድ መቁጠር አንዱ መንገድ ቢሆንም፣ ፍርድ ቤቶች ይህን የሚቀበሉት ከስንት አንዴ፣ ማኅበሩ የማጭበርበሪያ መሸሸጊያ ሲሆን ነው። ሌላው መንገድ ግን የሥሩን ኩባንያ ጥፋት ለባለቤቱ አያሸክምም። ባለቤቱ ራሱ በሥራው ውስጥ እጁን አስገብቶ ከነበረ፣ ስለ ራሱ ቸልተኝነት ይጠየቃል።

የዚህ ዋና ምሳሌ ዛምቢያ ነው። በቺንጎላ አቅራቢያ የሚኖሩ 1,826 ሰዎች ከንቻንጋ የመዳብ ማዕድን የወጣ ፍሳሽ ውኃችንንና እርሻችንን በከለ ብለው፣ ማዕድኑን የሚያንቀሳቅሰውን ኮንኮላ ኮፐር ማይንስንና የለንደኑን ባለቤቱን ቬዳንታን እንግሊዝ ውስጥ ከሰሱ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2019 ክሱ እዚያው ሊታይ ይችላል አለ። አንዱ ምክንያት ከሳሾቹ ዛምቢያ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ክርክር የሚበቃ ገንዘብና ልምድ ያለው ጠበቃ ማግኘት አለመቻላቸው ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ማስረጃው ነው። ቬዳንታ ስለ ማኅበራዊና አካባቢያዊ ኃላፊነቱ ባሳተመው ሪፖርት በሥሩ ያሉትን ኩባንያዎች ሁሉ የሚቆጣጠረው የራሱ ቦርድ መሆኑን ጽፎ ነበር፤ የንቻንጋን የፍሳሽ ችግር ሳይቀር ጠቅሶ። ባለሀብት ለማስደሰት የታተመው ወረቀት ፍርድ ቤት ቀረበበት። ዳኞቹም፣ እቆጣጠራለሁ ብሎ በአደባባይ የተናገረ ድርጅት ሳይቆጣጠር ቢቀር፣ አለመቆጣጠሩ ራሱ ጥፋት ሊሆንበት ይችላል አሉ። ክሱ ግን እስከ ፍርድ አልደረሰም፤ ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2021 በስምምነት አለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ብልህ ጠበቃ ካለው ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርቱን ያሳጥራላ! ፈረንሳይ በ2017 ባወጣችው ሕግ ይህን ምርጫ ነፍጋለች። በአገር ውስጥ ቢያንስ 5,000፣ ወይም በዓለም ዙሪያ 10,000 ሠራተኛ ያለው ኩባንያ፣ በሥሩ ካሉ ድርጅቶችና ከአቅራቢዎቹ ሊመጣ የሚችለውን ጉዳት የሚከላከልበትን ዕቅድ ማውጣትና ማሳተም ግዴታው ነው፤ ካላደረገ ፍርድ ቤት ሊያስገድደው ይችላል።