የባህር ላይ ውንብድና ምንድን ነው?

አክስቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ቡና እየቆላች ሬዲዮው ስለ ባህር ወንበዴዎች ሲያወራ ሰማችና ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አነሳች። «ባህር ላይ ደግሞ ምን ጫካ አለና ነው የሚሸፈተው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ጥያቄዋ ግን የዋዛ አይደለም። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ሽፍታ ሲባል የሚመጣልን ዱር ቤቴ ብሎ ወፍ ዋሻ ደን የገባ፣ ወይም ከጣርማበር ገደል ለገደል ወደ ቆላ የወረደ ሰው ነው። ባህር ደግሞ ሜዳ ነው። ዛፍ የለው፣ ዋሻ የለው።

ትርጉሙን እናስቀድም። በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባህር ሕግ ስምምነት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የባህር ላይ ውንብድና የሚለው የአንድ መርከብ ሰዎች ለግል ጥቅማቸው ሲሉ፣ የማንም መንግሥት ባልሆነ ባህር ላይ፣ ሌላ መርከብ በኃይል ሲያጠቁ፣ ሲዘርፉ ወይም ሲያግቱ ነው። ያው ድርጊት ከዳርቻ በ12 የባህር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከተፈጸመ የዚያ አገር ፖሊስ ጉዳይ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ወንበዴውን የትኛውም አገር ይዞ ሊዳኘው ይችላል።

«ለግል ጥቅም» የምትለዋ ቃል ታሪክ አላት። ድሮ የአውሮፓ ነገሥታት ጦርነት ሲነሳ ለግል መርከቦች ደብዳቤ ይሰጡ ነበር፤ የጠላትን መርከብ ዝረፍ፣ ድርሻዬን አምጣ የሚል። ደብዳቤ የያዘው ጀግና፣ ያልያዘው ወንበዴ። በስፔን ዙፋን ሰበብ የተነሳው ጦርነት በ1713 በውል ሲቆም መርከበኛው በገፍ ሥራ ፈታ። ሙያው ግን እጁ ላይ ነበር። ብዙዎቹ ባሃማስ ውስጥ ናሳው ወደብ ከተሙ። ብላክቢርድ፣ ማለትም ጥቁር ጢሙ፣ ከነዚህ አንዱ ነው።

የአክስቴ ጫካ ያለው እዚህ ጋ ነው። ወንበዴ ባህር ላይ ሊዘርፍ ይችላል እንጂ ሊኖር አይችልም። ውሃ የሚቀዳበት፣ መርከቡን የሚጠግንበት፣ የዘረፈውን ዕቃ ከየት አመጣኸው ሳይል የሚገዛው ነጋዴ ያለበት ወደብ ይፈልጋል። ናሳው ያኔ ይህ ነው የሚባል ገዥ አልነበረውም። በ1718 እንግሊዝ ውድስ ሮጀርስን ገዥ አድርጋ ከንጉሡ ምሕረት ጋር ላከች። ብዙው ምሕረቱን ተቀበለ፤ ወደ ውንብድናው የተመለሱት ተሰቀሉ። ጥቁር ጢሙም በዚያው ዓመት ሰሜን ካሮላይና ዳርቻ ተገደለ። ደብዳቤው ራሱ በ1856 በፓሪስ ስምምነት ታገደ።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የሶማሊያ መንግሥት በ1991 ፈረሰ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነውና የውጭ አሳ አስጋሪዎች ባህሩን ያለ ከልካይ ገቡበት። አንዳንዱ አሳ አጥማጅ «ባህራችንን እንጠብቅ» ብሎ ጠመንጃ አነሳ። ገንዘቡ ሲታይ ጥበቃው ተረሳ። መሣሪያው ፈጣን ጀልባ፣ ክላሽና ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው መሰላል ብቻ ነው። በ2008 ፋይና የምትባለውን፣ 33 ታንክ የጫነች መርከብ የያዟት በዚህ መሰላል ነው።

የዓለም ባንክ ባጠናው መሠረት ከ2005 እስከ 2012 የተከፈለው ቤዛ ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። መሰላሉን የሚወጣው ልጅ የሚደርሰው ከ30 እስከ 75 ሺህ ዶላር ነበር። ዳጎስ ያለውን የሚወስደው የብስ ላይ ቁጭ ብሎ ለዘረፋው ወጪ ገንዘብ ያወጣው ሰው ነው። ልጁ መርከብ ሲጠብቅ የሚቅመው ጫት እንኳ በዱቤ ተጽፎ ከድርሻው ይቀነሳል።

በ2011 ሶማሊያውያኑ 237 ጥቃት አድርሰዋል። በ2013 ወደ 15 ወረደ። የጦር መርከቦች መጡ፣ የንግድ መርከቦች የታጠቀ ጠባቂ ያዙ፣ በአጀብ መሄድም ተለመደ። አጀቡ ለሸዋ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከታጁራ ተነስቶ አልዩ አምባ ገበያ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴም በረሃውን ብቻውን አያቋርጥም ነበር።

አልጠፋም ግን። በታኅሣሥ 2023 ሩዌን የምትባል መርከብ ታገተች። የሕንድ ባህር ኃይል በመጋቢት 2024 ሲያስለቅቃት 35 ወንበዴ እጁን ሰጠ፣ 17 መርከበኞችም ነፃ ወጡ።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ቶናውን እየቀዳች፣ «የጫቱን ዱቤስ ማን ከፈለላቸው?» አለችኝ።