በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ካናቢስን ቤት ውስጥ ማብቀል

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 21 ዓመት የሞላው ሰው በሚኖርበት ቤት ካናቢስ ማብቀል ይችላል። የአገራችን ጋዜጦች ዕፀ ፋርስ የሚሉት ይኸው ተክል ነው። ፈቃዱን ያስገኘው የከተማዋ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ድምፅ የሰጡበት «ኢኒሺዬቲቭ 71» ሲሆን፣ በሥራ ላይ የዋለው ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 ነው። ለአንድ ሰው 6 ተክል ይፈቀዳል፤ ከነዚህ ውስጥ ለአበባ የደረሱት ከ3 መብለጥ የለባቸውም። አዋቂዎቹ ቢበዙም አንድ ቤት ከ12 አያልፍም። ሕጉ ከቤት ውስጥ ስለሚል ጓሮ ወጥቶ ከጎመኑ ጎን መትከል አይቻልም።

መሸጥም ክልክል ነው። እስከ 1 አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ፣ ያለ ክፍያ ለሌላ አዋቂ መስጠት ግን ይፈቀዳል። ኮንግረስ በበጀት ሕጉ ውስጥ በሚያስገባው አንቀጽ ከተማዋ የሽያጭ ሥርዓት እንዳታበጅ ስላገዳት፣ ቲሸርት ወይም ተለጣፊ ሥዕል በውድ እየሸጡ ዕፁን እንደ ገበያ ምርቃት ጣል የሚያደርጉ ሱቆች ለዓመታት በየመንገዱ ፈልተው ነበር።

ተክሉ የሌሊትን ርዝመት ይቆጥራል። ቀኑ ሲረዝም ግንድና ቅጠል ያበዛል፤ ሌሊቱ ሲረዝም ብርዱ መቃረቡን ያወቀ ይመስል ያብባል። ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባሉ በሚችሉበት በአዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ግን የጁን ቀን 15 ሰዓት ገደማ ሲደርስ የዲሴምበሩ 10 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቤት ውስጥ የሚያበቅል ሰው ይህን ሁሉ በመብራት ማብሪያ ይተካዋል፤ መጀመሪያ በቀን 18 ሰዓት ብርሃን ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ 12 ያወርደዋል። ወንዴና ሴቴው በየራሳቸው ግንድ ስለሚያድጉ፣ የሚፈለገውም ዘር ያልያዘው የሴቴዋ አበባ ስለሆነ፣ ወንዴው እንደታወቀ ይነቀላል።

ቦታው ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ውስጡ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ድንኳን ነው። አምፖል፣ ማራገቢያና ጠረኑን የሚያስቀር የከሰል ማጣሪያ ይገጠምለታል። ከቅጠሉ የሚተነው እርጥበት መውጫ ካጣ ግድግዳው ይሻግታል። የመብራት ቆጣሪውም አያርፍም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢቫን ሚልስ ጥናት፣ ንግዱን ጨምሮ፣ በጣራ ሥር የሚበቅለው ካናቢስ ከአሜሪካ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1 በመቶ ያህሉን እንደሚወስድ ገምቷል።

ሰዎች ወደ ጣራ ሥር እንዲገቡ ከገፋፏቸው ነገሮች አንዱ ሄሊኮፕተር ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1983 ማሳዎችን ከአየር እየቃኘ የሚነቅል ዘመቻ ጀምራ ነበር። ጣራው ግን የራሱ አሳባቂ አለው፤ ሙቀት። በጃንዩዋሪ 1992 አንድ ሌሊት፣ ፍሎረንስ በተባለች የኦሬገን ከተማ፣ አንድ የፌዴራል ወኪል መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የዳኒ ካይሎን ቤት ሙቀት በሚያነብ ካሜራ ለጥቂት ደቂቃ ቃኘ። የጋራዡ ጣራና አንደኛው ግድግዳ ከሌላው የቤቱ ክፍል ይልቅ ይግሉ ነበር። በዚህ፣ በጥቆማና በመብራት ሂሳቡ መነሻነት የመበርበሪያ ፈቃድ ወጣ፤ ከ100 በላይ ተክል ተገኘ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሕዝብ በማይጠቀምበት መሣሪያ የቤትን ውስጥ ማወቅ ፍተሻ ነው፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድም አይቻልም ሲል ወሰነ። ብይኑን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካልያ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ የቤቲቱ እመቤት በየማታው ስንት ሰዓት ገላዋን እንደምትታጠብ ሊያጋልጥ ይችላል ብለዋል። ወግ አጥባቂ የሚባሉት ስካልያ ለካናቢስ አብቃይ ይፈርዳሉ ብሎ የጠበቀ ብዙ አልነበረም።

ይህ ብይን የቤትን ገመና ይጠብቃል እንጂ ተክሉን አይጠብቅም። ዳያን ሞንሰን የተባለች የካሊፎርኒያ ሴት በግዛቷ ሕግ መሠረት ለሕክምና ያበቀለቻቸውን 6 ተክሎች የፌዴራል ወኪሎች በ2002 ነቅለው አጠፉባት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005 በ6 ለ3 ድምፅ፣ የግዛት ፈቃድ የፌዴራሉን ክልከላ አይሽርም አለ። በፌዴራል ሕግ ከ50 በታች ተክል ማብቀል እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። በተግባር ለ6 ተክል ብሎ የሚከስ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ እምብዛም አይታይም፤ ሰዎች የሚዘናጉትም ለዚህ ነው።

በአካባቢው ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በአሜሪካ ትልቁ ነው፤ ብዙው ደግሞ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ይኖራል። ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ለአንድ ቤት 2 ተክል ፈቅዳለች፤ ተከራይ ከሆኑ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ወዲህ 4 ትፈቅዳለች፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ተክል ላይ የአብቃዩ ስም፣ የመንጃ ፈቃዱ ወይም የመታወቂያው ቁጥርና ለግል ፍጆታ መሆኑ የተጻፈበት ምልክት እንዲንጠለጠል ታዛለች። ለአሜሪካ ዜጋ ይህ ተራ የወረቀት ጣጣ ነው። ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ግን በገዛ እጁ የጻፈው የእምነት ቃል ነው። የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም የፌዴራሉን የካናቢስ ሕግ መጣስ «መልካም ሥነ ምግባር» የሚለውን የዜግነት መስፈርት ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። ጥፋተኛ መባል የግድ አይደለም፤ ማመን ይበቃል። ልዩ አስተያየት የተተወው 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ለግል ይዞ ለተገኘ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ማብቀል ደግሞ ይዞ መገኘት አይደለም።

የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ አደንዛዥ ዕፅ አብቅለው ያውቁ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል። ቃለ መጠይቁ በመሐላ ነው። «አዎ» ማለት ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል፤ አብቅሎ «አላበቀልኩም» ማለት ደግሞ የሐሰት ቃል ተብሎ ለብቻው ያስጠይቃል።