ቅኔ ቤት በጣና ዳር

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ አድባራትና ገዳማት የአብነት ትምህርት፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑ ባህላዊ ትምህርት፣ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት (የግእዝ ግጥም የሚማሩበት)፣ መጻሕፍት ቤት (የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚማሩበት) እየተባለ ይዘለቃል። ፍልስፍናውም፣ የመንግሥትና የሕግ ነገሩም ያለው ከኋለኞቹ ሁለቱ ዘንድ ነው። ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ ስሙ የገነነውም በቅኔ ነው።

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ መጀመሪያ ግስ ይወርዳል፤ የግእዝን ግሦች በቃሉ ይይዛል ማለት ነው። እንደ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከ ያሉትን አርእስተ ግስ (አርአያ የሚሆኑ ግሦች) ይዞ ሌላውን ግስ በነሱ አምሳል ያረባል። ቀጥሎ አገባብ፣ ማለትም የቃላቱን አያያዝ ሥርዓት፣ ይማራል። ቅኔውን የሚቆጥረው (የሚደርሰው) ብቻውን ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ፣ ያለ ብራና፣ በቃሉ ነው፤ ከዚያ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ እዚያው ያርማሉ፣ ያቃናሉ። ከቅኔ ዓይነቶች መነሻው 2 ቤት (ስንኝ) ያለው ጉባኤ ቃና ነው። ዘአምላኪየና ሚበዝኁ 3፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8 ቤት አላቸው።

የቅኔ ልቡ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰም የላዩ ምሳሌ፣ ወርቅ የተሰወረው ምሥጢር ነው። በጣና ዳር ለሚማር ልጅ ቅርቡ ሰም የደንገል ታንኳ ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳው ከባሕር ወጥቶ ካልደረቀ እየከበደ ይሄዳል። ተማሪው ታንኳን ሰም፣ ነፍስን ወርቅ ካደረገ በግእዝ «ሐመረ ነፍስ» (የነፍስ ታንኳ) ብሎ ሁለቱን ቃላት ያናብባል፤ ባሕሩም «ባሕረ ኃጢአት» ይሆናል። ፀሐይንም ካነሣ ወርቁን፣ ንስሐን ወይም ጾምን፣ መስጠት አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው፤ ሰሙን አሳምሮ ወርቁን ይረሳል፣ ወይም ወርቁ ከሰሙ ግብር ጋር አይገጥምለትም። ታንኳ ሲደርቅ ይቀልላልና ነፍስም በንስሐ ምን እንደሚቀልላት ማሳየት ይጠበቅበታል። ሌላው ስሕተት ቤት ለመምታት (የስንኞቹን መጨረሻ ለማስማማት) ሲል አገባቡን ማፍረስ ነው። ይህ ጥፋት ከሁሉ ይከፋል፤ ቤቱ ቢመታም ምሥጢሩ ይጠፋልና።

መወድስ የቆጠረ፣ የቅኔውን ዓይነት ሁሉ ስለ ያዘ፣ ሙሉ ቤት ደረሰ ይባላል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ግን አይችልም። በየበዓሉ አዲስ ይፈለጋልና አእምሮው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው። ቅኔን ጌጥ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ሊቁ የሚያስበው በቅኔ ነው።

ቅኔ ያላወቀ መጻሕፍት ቤት ቢገባ አንድምታው፣ የመጻሕፍቱ ትርጓሜ፣ ይከብደዋል፤ አንዱን ቃል በሁለትና በሦስት መንገድ «አንድም» እያሉ መፍታት የሰምና ወርቅ ልጅ ነውና። የመጻሕፍት ቤቱ ጉባኤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ይከፈላል። የግሪክ ጠቢባን ግን ወደ ግእዝ በይበልጥ የመጡት በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ በተተረጎመው መጽሐፈ ፈላስፋ ነው። ሶቅራጥስና አፍላጦን (ፕላቶ) እዚያ የሚናገሩት እንደ መካሪ አባት ነው፤ ጥበባቸውም ከፈሪሃ እግዚአብሔር ጋር እየተመዘነ ይነበባል።

ስለ መንግሥት የሚጠየቀው ፍትሐ ነገሥት፣ የቆየው የሕግ መጽሐፍ፣ ነው። ከ51 አንቀጾቹ የመጀመሪያዎቹ 22 የቤተ ክርስቲያን፣ የቀሩት የሥጋዊው ሕግ ናቸው። 44ኛው ስለ ነገሥታት ሲናገር ከኦሪት ዘዳግም ይነሣል፦ ንጉሥ ከወንድሞችህ መካከል ይሁን፤ ፈረስና ወርቅ አያብዛ፤ የሕጉ መጽሐፍ ተጽፎለት ዕድሜውን ሁሉ ያንብበው፣ ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ።