አስከሬን ለሕክምና ተማሪዎች የሚሰጠው በማን ፈቃድ ነው?

እንግሊዝ ያላችሁ ወገኖች ይህን ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ፦ «ዝም ካልኩ ስሞት ሰውነቴን ለተማሪዎች ይሰጡታል?» አይሰጡም። ግራ ያጋባው እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ነው። እሱ የሚያወራው ስለ ኩላሊት፣ ልብና ስለመሳሰሉት ንቅለ ተከላ ሲሆን፣ «አልፈልግም» ያላለ አዋቂ በአብዛኛው እንደፈቀደ ይቆጠራል። ሙሉ አስከሬን ለአናቶሚ (ለሰውነት አወቃቀር) ትምህርት መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የሰው አካል ሕግ (Human Tissue Act) የሚቀበለው የራስን ፈቃድ ብቻ ነው። በሕይወት እያሉ፣ በጽሑፍ፣ ምስክር ፊት ተፈርሞ።

አንዲት እናት «ስሞት ለተማሪዎች ስጡኝ» ሲሉ ኖሩ እንበል። ቅጽ ግን አልሞሉም። ልጆቻቸው ቃላቸውን ሊፈጽሙ ቢሹም ለእሳቸው መፈረም አይችሉም። ያሳዝናል፤ ግን ሕጉ ልክ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1832ቱ የአናቶሚ ሕግ እኮ በድሆች መጠለያ ሞተው ጠያቂ ዘመድ ያጡ ሰዎች ለአናቶሚ ክፍል ይሰጡ ነበር። ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው የለም፤ ጥፋታቸው ድህነት ብቻ ነበር።

ከሕክምና ትምህርት ቤት ሕክምና ትምህርት ቤት የሚለያየው አስከሬኑ የሚቆይበት ጊዜና የቀብር ወጪው ነው። የአስከሬን ምርመራ ከተደረገ ደግሞ ላይቀበሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቤተሰብ ስለ ቀብሩም ቀድሞ ይነጋገር። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሕጋችሁ ሌላ ነው፦ እዚያ ሟቹ በሕይወት ሳለ እምቢ ካላለ ቤተሰብ ሊፈቅድ ይችላል።