የጭስና የከሰል ጋዝ ጠቋሚን ሶፍትዌር ማዘመን፣ በጎጃም ቤት

የአደጋ ጠቋሚ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ላይ ተገጥሞ ጭስ ወይም ካርቦን ሞኖክሳይድ (ከከሰል የሚወጣ ገዳይ ጋዝ) ሲያገኝ የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ነው። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ብዙ ቤት አታገኘውም፤ ሲገኝም አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ከውጭ ያመጣው ነው። ግን ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የክረምት ማታ የከሰል ማንደጃው መኝታ ቤት ይገባል፣ በርና መስኮቱ ጥርቅም ይላል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ ሰው «በቃ፣ ነዷል» ብሎ ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ጭስ ብቻ የሚለይ ጠቋሚም አያውቀውም፤ ለጋዙ ራሱን የቻለ ዳሳሽ፣ ማለትም ጋዙን የሚለይ ክፍል፣ ያስፈልጋል።

ተራዎቹ ጠቋሚዎች አፕዴት የሚባል ነገር የላቸውም። ዋይፋይ ያላቸው ግን እንደ ስልክ ይታደሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔስት ፕሮቴክት የተባለው ጠቋሚ እጅ በማወዛወዝ ዝም የሚሰኝበት ዘዴ ነበረው። እሳት ተነስቶ ሰው አጠገቡ ቢንቀሳቀስ ጩኸቱ ሊዘገይ እንደሚችል ታወቀ። አሜሪካ ውስጥ 440,000 ያህሉን የሚመለከት የማስተካከያ ጥሪ ወጣ፤ መፍትሔው በኢንተርኔት የተላከ አፕዴት ነበር። ከዋይፋይ ጋር ያልተገናኘው ግን ከነችግሩ ቀረ።

አፕዴቱ ከአምራቹ መተግበሪያ ብቻ ይወሰድ። መሣሪያው እንደገና ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ላይሰማ ስለሚችል ቀን ላይ፣ ከሰል ሳይቀጣጠል ቢደረግ ይሻላል። መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ቀን አትጀምረው፤ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። በደንብ የተሠራ ጠቋሚ ግማሽ የወረደውን ጥሎ በአሮጌው ይቀጥላል፤ ርካሹን ግን እኔ አላምነውም። ባትሪው ሙሉ ይሁን። አፕዴቱ ሲያልቅ የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫን፤ ካልጮኸ ይሠራል ብለህ አትመነው።

ገና አቦል ሳይቀዳ ጠቋሚው በዕጣን ጭስ ቢጮህ ባትሪውን መንቀል ሊያምርህ ይችላል፤ ግን አትንቀለው። ከጀበናው ራቅ አድርጎ መስቀል ይሻላል።

ዳሳሹ ያረጃል፤ አፕዴት አያድሰውም። የጭስ ጠቋሚ ከተሠራ በ10 ዓመቱ ይቀየራል፣ የጋዙ ብዙ ጊዜ ከዚያም ቀድሞ። ጀርባው ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ነው። 2018 የሚለውን አይቶ በቅርቡ የተሠራ የሚመስለው አይጠፋም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን የ2010 ወይም የ2011 ዕቃ ነው።